ማነቆው ማን ነው?

"ማነቆ" የሚለውን ቃል የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ሰምቶታል። ያለፈው ዓመት ዕቅድ ያልተሳካው "በማነቆዎች ምክንያት" ነው፤ የመጪው ዓመት ዕቅድ የሚሳካው ደግሞ "ማነቆዎችን በመለየትና በመፍታት" ነው። ማነቆው ማን እንደሆነ ግን በስሙ ሲጠራ አይሰማም። ሪፖርቱ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ለሻይ ዕረፍት ይወጣል። ማነቆውም ከሰው ጋር አብሮ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ቢሮው ይመለሳል።

ይህን ቃል ሰሞኑን ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ ፕሮሰሰሬ ማነቆ ሆኖብኛል። እማዬን ያነጋግሩልኝ" አለኝ የእህቴ ልጅ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ አርክቴክቸር ተምሯል። ገና ያልተሠሩ ቤቶችን በኮምፒውተር እየሠራ፣ ቀለም እየቀባ፣ ዛፍ እየተከለ፣ ፀሐይ እያወጣ ለደንበኛ ያሳያል። እንጀራው ይኸው ነው። ማታ ማታ ደግሞ በዚያው ኮምፒውተር ጌም ይጫወታል። ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቱ ልጅ ለራሱ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ሲገዛ የቀድሞውን በመንገደኛ ላከለት። ካርዱ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በ329 ዶላር ለገበያ የቀረበ፣ 12 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ያለው። በዚህ ሥራ ላይ ላለ የአዲስ አበባ ልጅ እንዲህ ያለ ስጦታ ሠርግ ነው። ችግሩ፣ ይህን ካርድ የሚያዘው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 1600 መሆኑ ነው። ካርዱ ተሰካ፣ ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ ጌሙ ግን የተጠበቀውን ያህል አልፈጠነም።

ልጁ መገናኛ ወርዶ አንድ ሱቅ ጠየቀ። ባለሱቁም "ወንድሜ፣ በዚህማ አትድከም። ሁሉንም ቀይረው" አለው። ሁሉንም ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ "ለማንኛውም" ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ማለት ነው። እንግዲህ የእህቴ እቁብ የሚወጣው በሚቀጥለው ወር ነው። እቁቡ የታሰበው ለኩሽናው ጣሪያ ነበር። ያለፈውን ክረምት እኮ ዝናብ በመጣ ቁጥር ድስት እየደቀኑ ነው የከረሙት። ስለዚህ ፕሮሰሰር መምረጥ የሚባለው የወጣቶች ጉዳይ ከጣሪያ ጋር ተጋጨና ሽማግሌ አስፈለገው። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው።

እህቴ ገና ከመቀመጤ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ወንድሜ፣ ያለው አይበቃውም?" አለችኝ። ኮምፒውተር አታውቅም። ጥያቄዋ ግን ከባለሱቁም፣ ከልጁም፣ ከእኔም ዕውቀት በላይ ሆነብኝ። "በቃ" የሚባለው ነገር በምን ይለካል? ማንስ ነው የሚለካው?

*

መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል እንይ። ፕሮሰሰሩ ያሰላል፣ ያዛል፤ ግራፊክስ ካርዱ ይስላል። ጌሙ ውስጥ መኪናው የት እንደደረሰ፣ ከማን ጋር እንደሚላተም፣ ተቃዋሚው ምን እንዳሰበ የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሎ ምስሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ ከቻለም 100 ጊዜ እየሳለ ስክሪን ላይ ያወጣል። ትእዛዝ ከዘገየበት ግን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። በተቃራኒው ካርዱ ደካማ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ትእዛዙን ጨርሶ ካርዱን ሲጠብቅ ይውላል።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ጥማድ በሬ ማለት ይኸው ነው። አንድ ቀንበር ሥር የገቡ ሁለት በሬዎች የሚሄዱት በፈጣኑ እርምጃ አይደለም። ፈጣኑ ቢጎትት ቀንበሩ ይጣመማል፣ ትልሙ ይወላገዳል፣ አራሹም ይሳደባል። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን አጣምረው ተራ በተራ ሲያርሱ "መቀናጆ" ይሉታል። በመቀናጆ የኖረ ገበሬ በሬ ሲገዛ የሚጠይቀው "በገበያው ላይ ያለው ትልቁ በሬ የቱ ነው?" ብሎ አይደለም። "ከጎረቤቴ በሬ ጋር የሚሄደው የቱ ነው?" ብሎ ነው።

እኛ ከተሜዎች ይቺን ጥያቄ የረሳናት ይመስለኛል። ገበያ ስንወጣ የምንጠይቀው "ትልቁ የቱ ነው?" ብለን ነው።

*

ወደ ማነቆው ልመለስ። "ፕሮሰሰሩ ነው ማነቆው" ተባለ። በምን ታወቀ? በሱቅ ፍርድ? ሰውም ሆነ ዕቃ ሳይመረመር ሊፈረድበት አይገባም። ደግነቱ ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ጌሙ እየሄደ ሳለ ካርዱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳዩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ካርዱ ከ95 በመቶ በላይ እየሠራ ከሆነ የሚችለውን እያደረገ ነው፤ ፕሮሰሰር ቢቀየር የሚመጣ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ካርዱ ግማሽ አካባቢ እየሠራ ከሆነ ግን እየጠበቀ ነው። ሌላም ፈተና አለ። የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ነው። ጥራቱ ዝቅ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ካርዱ ንጹሕ ነው፤ ያዘገየው ሌላ ነው።

ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ሞከረው። ካርዱ 55 በመቶ። ፕሮሰሰሩ ስንት ላይ ነው? 40 በመቶ!

"ጋሼ፣ ይኸው ሁለቱም ሥራ ፈተዋል!" አለኝ ግራ ገብቶት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከኮምፒውተር ያለፈው። 40 በመቶ የሚለው ቁጥር አማካይ ነው። ፕሮሰሰሩ ስድስት ኮሮች አሉት። እያንዳንዱን ለየብቻ ስናየው አንዱ ጥርሱን ነክሶ እስከ አፉ ሞልቶ ይሠራል፤ ሌሎቹ ገሚሱ ይንጎራደዳሉ፣ ገሚሱ ተኝተዋል። ጌሙ የሚጠብቀው ያንን አንዱን ነው። የሥራው ዋና ክር በእሱ በኩል ስለሚያልፍ ሌሎቹ ሊያግዙት የሚችሉት በጥቂቱ ነው።

እስቲ በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ አስቡት። "የሠራተኛው የሥራ ጫና 40 በመቶ ነው" ተብሎ ሪፖርት ይቀርባል። ውሸት አይደለም፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። ከቁጥሩ በስተጀርባ ግን አንዲት ሴትዮ አለች፤ ፋይሉ ሁሉ በእሷ እጅ የሚያልፍ፣ ምሳዋን ጠረጴዛዋ ላይ የምትበላ። ተገልጋዩ ወረፋ ላይ ቆሞ የሚረግመው ማንን መሰላችሁ? እሷኑ! ምክንያቱም መስኮቱ ላይ የምትታየው እሷ ናት። አማካይ ማለት አንዳንዴ የደከመውን ከተኙት ጋር ደምሮ መደበቂያ ነው። ማነቆ ብለን የምንጠራው ሰው ብዙ ጊዜ ሰነፉ አይደለም፤ የሌላውንም የተሸከመው ነው።

*

ምርመራው በዚህ አላበቃም። ልጁን "አሁን ደግሞ የሥራህን ክፈት" አልኩት። ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም የሠራውን ቪላ ከፈተና የመጨረሻውን ምስል እንዲያወጣ አዘዘው። ምስሉን የሚያወጣው ካርዱ ነው። ካርዱ ወዲያው 98 በመቶ ገባ፤ ፕሮሰሰሩ አጠገቡ ተቀምጦ ያንቀላፋ ጀመር። ፋይሉን ለመክፈትና ቅርጹን ለመለዋወጥ ፕሮሰሰሩ መሥራቱ አይቀርም፤ እዚያ ላይ ትንሽ ይንቀራፈፋል። ደንበኛው የሚከፍልበትን ምስል በማውጣቱ ላይ ግን ያ የተረገመ ፕሮሰሰር ማነቆ አልነበረም።

ልብ በሉ! ኮምፒውተሩ አንድ፣ ፕሮሰሰሩ አንድ፣ ካርዱ አንድ። ማታ ማነቆ የነበረው ቀን ነጻ ወጣ። የተለወጠው ዕቃው ሳይሆን ሥራው ነው።

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ነገር ስለነበረ ነው። ለእናቱ የነገራት "ለሥራዬ ነው" ብሎ ነበር።

ይቺ "ለሥራ ነው" የምትባል ቃል በእኛ ዘመን የማትከፍተው በር የለም። ስልክ የሚቀይረው ለሥራ ነው፤ መኪና የሚያሳድገው ለሥራ ነው፤ ሆቴል የሚያድረው ለሥራ ነው። "ደስ ስላለኝ ነው" ብሎ የሚገዛ ሰው ጠፋ። ደስታ አፍረን በጓሮ በር የምናስገባው እንግዳ ሆነ።

እኔ ጌምን ከሚኮንኑት ወገን አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ሲስል የዋለ ወጣት ማታ ሁለት ሰዓት መኪና ቢያሽከረክር ምን ኃጢአት አለበት? የእኛ ትውልድ በካርታና በዳማ ያመሸ አይደለም እንዴ? ጥያቄዬ ሌላ ነው። ፍላጎት ይኑር፤ ነገር ግን በራሱ ስም ይከፈልበት። ጌም በሥራ ስም ሲጠራ ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛው፣ ከፋዩ የሚከፍለውን አያውቅም። እናት ጣሪያዋን የምትለውጠው በልጇ እንጀራ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በልጇ መዝናኛ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ምናልባት ለሁለቱም ትሰጥ ይሆናል። መስጠት ግን የምትችለው እውነቱን ስታውቅ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ሰጠች ሳይሆን ተወሰደባት ነው የሚባለው። ሁለተኛው ጉዳት በራሱ በልጁ ላይ ነው። ለምን እንደፈለገው በሐቅ ያልጠራውን ነገር መቼ እንደሚበቃው ሊያውቅ አይችልም።

ለእህቴ ጥያቄ የምሰጠው መልስ እዚህ ጋ ነው የተገኘው። "ይበቃል?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። "ለምን?" የሚለው ጥያቄ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እሱ ሳይገባ ታናሹ አይገባም።

*

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አርስቶትል ኒኮማኪያን ኤቲክስ በሚባለው መጽሐፉ ስለ ልከኝነት ሲያስረዳ የምግብን ምሳሌ ያነሣል። ለአንድ ሰው አሥር መስፈሪያ ሲበዛ፣ ሁለት ሲያንስ፣ አሠልጣኙ "እንግዲያውስ መሐሉ ስድስት ነው" ብሎ ለሁሉም ስድስት አያዝም። ስድስት ለዝነኛው ታጋይ ለሚሎ ጥቂት ነው፤ ትግል ለሚጀምረው ልጅ ደግሞ ብዙ ነው። ልክ የሚባለው የቁጥሩ መሐል ሳይሆን ለሰውየውና ለሥራው የሚገጥመው ነው።

እንግዲህ የእኛን ምርጫ በዚህ ዓይን እንየው። የልጁ ማዘርቦርድ ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት ያለው፣ ቢ450 የሚሉት ነው። በዚያው ሶኬት ላይ የሚገቡ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የወጡ ሦስት ፕሮሰሰሮችን እንውሰድ፤ ዋጋቸው ሲወጡ የነበረው ነው። ራይዘን 5 5500 በ159 ዶላር፣ ራይዘን 5 5600 በ199 ዶላር፣ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ በ449 ዶላር። አራተኛው ምርጫ የባለሱቁ ነው፤ ሁሉንም አውጥቶ ኤኤም5 ወደሚባለው ሶኬት መሻገር። እሱ ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሚቀበል የድሮው ራም አብሮ አይሄድም። በሬ ለመቀየር ቀንበሩን፣ ሞፈሩንና ድግሩን ጭምር መጣል ማለት ነው።

ከ5500 እና ከ5600 ስማቸውን ብቻ ያየ ሰው የመቶ ቁጥር ልዩነት ነው ይላል። ሁለቱም ስድስት ኮር ናቸው። የድሮው 1600ም ስድስት ኮር ነበር፤ የሚበላው መብራት እንኳ በወረቀት ላይ ያው 65 ዋት ነው። ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? አንዱ ጎተራው ላይ ነው። ፕሮሰሰር ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን መረጃ የሚያስቀምጥበት ካሽ የሚባል ጓዳ አለው። 1600 ላይ ስድስቱ ኮሮች በሁለት ጎጆ ተከፍለው፣ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ለየጎጆው 8 ሜጋባይት ጎተራ ተሰጥቷቸዋል። አንዱ ከሌላው ጎጆ የሚፈልገው ነገር ካለ ግቢውን አቋርጦ ይሄዳል። 5600 ላይ ስድስቱም አንድ ቤት ገብተው ከአንድ የ32 ሜጋባይት ጎተራ ይበላሉ። 5500 ላይም አንድ ቤት ናቸው፤ ጎተራው ግን በግማሽ አንሶ 16 ሜጋባይት ነው። እያንዳንዱ ኮርም ከ1600 ዘመን ይልቅ በጣም ፈጥኗል። የሰው ብዛት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰዎቹ ጉልበትና አኗኗራቸው ነው።

ለ60 ኸርዝ ስክሪኑ 5500 ሊያገለግለው ይችላል። ስክሪኑ በሴኮንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይምና ከዚያ በላይ የሚመረተው ፍጥነት በዓይን የማይገባ ሀብት ነው። ሆኖም ጌም ጎተራ ይወዳል፤ ይህ ፕሮሰሰር ደግሞ ዓመታት መቆየት አለበት። በ40 ዶላር ልዩነት ጎተራው እጥፍ ይሆናል። 5800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ጎተራ ይዞ የጌም ንጉሥ ተብሎ የነበረ ነው፤ ግን ለ3060 ካርድ እሱን መግዛት አህያ ለምትጭነው ጤፍ የጭነት መኪና መከራየት ነው። ስለዚህ ለልጁ ልኩ 5600 ነው አልነው። መሐል ላይ ስላለ አይደለም። ስክሪኑም፣ ካርዱም፣ ማዘርቦርዱም፣ ቦርሳውም ወደ እሱ ስለሚያመለክቱ ነው። ማዘርቦርዱና ራሙ ባሉበት ይቆያሉ። ፓወር ሰፕላዩም 550 ዋት ነው፤ ለዚያ ካርድ ኤንቪዲያ ራሱ የሚመክረው ይህንኑ ያህል ነው።

አንድ የአገራችንን ነገር ልጨምር። አዲሱ ፕሮሰሰር ከመግባቱ በፊት አሮጌው በቦታው ሳለ የማዘርቦርዱ ባዮስ መታደስ አለበት። እድሳቱ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ ካለው ጓደኛ ቤት ሄዶ መሥራት ይሻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ ባዮስ ግን መልቀሙም ቀላል አይደለም።

*

አሁን የሚቃወመኝን ሰው ልስማ፤ ተገቢ ተቃውሞ ስለሆነ ነው። "አንተ ሰውዬ፣ ድህነትን ምግባር አድርገህ እየሰበክህልን ነው። ሜሪላንድ ያለው ወጣት ካርዱን ሲያሻው ይቀይራል፤ የአዲስ አበባው 'ልክህን እወቅ' ይባላል። 'ይበቃሃል' የሚባለው ለምን ሁልጊዜ ለሌለው ሰው ብቻ ነው?"

እውነት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። የልጁ ጉልበት አልቀነሰም፣ ችሎታው አልቀነሰም፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከእጁ ራቀ። ይህን "ልከኝነት" ብሎ መጥራት ፌዝ ነው።

ከፋብሪካውም በኩል በደል አይጠፋም። ኤኤምዲ ኤኤም4 የተባለውን ሶኬት እስከ 2020 እንደሚደግፍ ቃል ገብቶ ነበር። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ግን የሚቀጥሉት ፕሮሰሰሮች በ400ዎቹ ማዘርቦርዶች ላይ አይሠሩም አለ፤ ምክንያቱም የባዮሱ ማስቀመጫ ጠባብ ነው ተባለ። ገዢው ጮኸ። በዚያው ወር ውሳኔው ተቀለበሰ። በ2022 ደግሞ ከዚያ የቀደሙት የ300ዎቹ ቦርዶች እንኳ ተፈቀደላቸው። እንግዲህ የልጁ ቢ450 ቦርድ 5600ን የሚቀበለው ሰዎች ስለጮኹለት ነው። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 አቆመ፤ 1600 ደግሞ ለዊንዶውስ 11 ከተፈቀዱት ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከመዝገብ ተሠረዘ። ማነቆ የሚሆነው ሁልጊዜ ዕቃው አይደለም፤ አንዳንዴ ማነቆነቱ ከላይ ይታወጃል።

ስለዚህ "ይበቃል" የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደወጣ መመርመር አለበት። ሻጭ "አይበቃህም" ሲል ተጠራጠሩ፤ የሚያተርፍበት ነውና። ባለጸጋ ለድሃ "ይበቃሃል" ሲልም ተጠራጠሩ፤ የማይከፍልበት ነውና። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔ የምለው "ይበቃል" ግን የሥራውን ስም በሐቅ የጠራ ሰው ለራሱ የሚለው ነው። እሱ ከድህነት ጋር ዝምድና የለውም፤ የሜሪላንዱንም ልጅ ይመለከታል። ትርፍ ፍጥነት ገዝቶ የማይጠቀምበት ሀብታም ሚዛኑን ከሳተው ድሃ አይሻልም፤ ልዩነቱ ጣሪያው የማያፈስ መሆኑ ብቻ ነው።

*

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የበሬውንና የፕሮሰሰሩን ምሳሌ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ አንባቢ ይኖራል። "የእኔ ማነቆ ሚስቴ ናት"፣ "የእኔ ማነቆ ባሌ ነው"፣ "ያዘገየኝ ወንድሜ ነው" የሚል። ወንድሜ ሆይ፣ ቆይ!

አንደኛ፣ ደካማ የሚባል ነገር በተፈጥሮው ደካማ ላይሆን ይችላል። ያ 1600 በ2017 በዘመኑ ከነበረ መካከለኛ ካርድ ጋር ሲጣመር ማንም ማነቆ ያላለው ፕሮሰሰር ነበር። የእሱ አቅም አልቀነሰም፤ አጠገቡ ትልቅ ካርድ ተቀመጠ እንጂ። ስንት ጎበዝ ተማሪ ነው ክፍል ሲቀይር "ሰነፍ" የተባለው? አሁንም 1600ን አነስተኛ ካርድ ያላት የጎረቤት ልጅ ኮምፒውተር ላይ ብታደርጉት እዚያ ቤት እንደ እንግዳ ተከብሮ ይኖራል።

ሁለተኛ፣ መቀየር የመጨረሻው መፍትሔ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ፕሮሰሰሩ ሲዘገይና ካርዱ ሲቦዝን ያለ አንዳች ወጪ የሚደረግ ነገር አለ። የምስሉን ጥራት ከፍ ማድረግ! ያኔ ካርዱ ለእያንዳንዱ ምስል የበለጠ ይደክማል፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ግን የሚጨመር ሸክም እምብዛም ነው። ፍጥነቱ ያው ሆኖ ምስሉ ያምራል። ብርቱው ሲጠብቅ ከሚያጉረመርም በትርፍ ጉልበቱ ሥራውን ያሳምራል ማለት ነው። ልጁ ይህን ባደረገ ዕለት "ይሄማ ሌላ ጌም ነው!" ብሎ ነበር፤ ገና ሳንቲም ሳያወጣ።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ፕሮሰሰር አይከፋውም። ከሶኬቱ ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጡት "ያን ሁሉ ዓመት አገልግዬ" አይልም። ሰው ግን ይላል። ስለዚህ ለዕቃ "ለምን ሥራ ትሆናለህ?" ብሎ መጠየቅ ብልህነት ሲሆን፣ ለሰው ያንኑ ብቻ መጠየቅ ጭካኔ ነው። ቀንበር ሥር አብሮን ያለው ሰው እርምጃው ሲያጥር የመጀመሪያው ጥያቄ "በማን ልተካው?" ሳይሆን "ምን ተሸክሞ ነው?" መሆን አለበት። ምናልባት ያንን አንዱን ኮር እናገኘው ይሆናል፤ በአማካይ ቁጥር ተሸፍኖ፣ የሁላችንን ሥራ ብቻውን የያዘውን።

ማነቆ የሌለበት ኮምፒውተር ደግሞ የለም። 5600 ሲገባ ካርዱ ማነቆ ይሆናል፤ ካርዱ ሲያድግ ስክሪኑ፤ ስክሪኑ ሲለወጥ ተራው እንደገና የፕሮሰሰሩ ነው። ሕይወትም እንዲሁ ናት። ገደብን ማጥፋት አንችልም፤ የት ቢሆን እንደምንመርጥ ግን መወሰን እንችላለን። ገደቡን ጌሙ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ኩሽናው ጣሪያ ላይም ማድረግ ይቻላል። ኮምፒውተር ውስጥ የተረፈ ፍጥነት ሌላ ቦታ የጎደለ ቆርቆሮ ነው።

ልጁ ለእናቱ ራሱ ነገራት። "እማዬ፣ የበለጠው ለጌም ነው። ከራሴ አጠራቅሜ ነው የምገዛው" አላት። እህቴም ትንሽ አየችውና "ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትለኝም ነበር?" አለችው። በወሩ እቁቡ ወጣ፤ ቆርቆሮው ተገዛ።

እናንተም እስቲ ሰሞኑን "አይበቃኝም" ያላችሁትን አንድ ነገር አንሡና በእውነተኛ ስሙ ጥሩት። ምናልባት እውነትም አይበቃችሁ ይሆናል፤ ያኔ ሳታፍሩ ግዙ። ምናልባት ደግሞ ከበቃችሁ ቆይቷል።

ቸር እንሰንብት።